የአደጋ መንስኤ ትንተና ዘዴዎችና ከበረራ ቁጥር 302 የተገኘው ትምህርት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ከአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ናይሮቢ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 አውሮፕላን ከስድስት ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ የ149 መንገደኞችና የ8 የበረራ ሠራተኞች ሕይወት ማለፉ ይታወሳል።

ከዚህ አምስት ወራት ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም፣ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ንብረት የሆነ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ 8 አውሮፕላን ከጃካርታ እንደተነሳ ባሕር ውስጥ ወድቆ የ189 ሰዎች ሕይወት ጠፍቷል። ሁለተኛው አደጋ የደረሰው የመጀመሪያው ገና በምርመራ ላይ ሳለ መሆኑ አንድ ከባድ ጥያቄ ያስነሳል። የመጀመሪያው አደጋ መንስኤ በተሟላ ሁኔታና በወቅቱ ተተንትኖ ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ማስቀረት ይቻል ነበር ወይ? የሚለው ነው።

ጥያቄው የአቪዬሽን ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በመንገድ ትራንስፖርት፣ በጤና ተቋማት፣ በግንባታ ሥፍራዎች፣ በፋብሪካዎችና በኃይል ማመንጫዎች አደጋ በደረሰ ቁጥር መንስኤውን አጣርቶ ሪፖርት የሚያቀርብ የሥራ ኃላፊ ሁሉ የሚጋራው ነው። መርማሪው የሚከተለው የትንተና ዘዴ ምርመራው የት ላይ እንደሚቆም ይወስናል። ምርመራው የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ከአደጋው በኋላ ማን ምን ማሻሻል እንደሚገባው ይወስናል። በዚህም ምክንያት የዘዴ ምርጫ ለቴክኒክ ባለሙያ ብቻ የሚተው ሳይሆን የአስተዳደር ጉዳይም ነው።

በአማርኛ «ሰበብ» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው። አንድም ለነገሩ መነሻ የሆነው ምክንያት፣ አንድም ከኃላፊነት ለማምለጥ የሚቀርብ ማመካኛ ነው። ጥሩ የትንተና ዘዴ የሚባለው እነዚህን ሁለቱን ለመለየት የሚያስችለው ነው።

ከዶሚኖ እስከ አምስቱ «ለምን»

በመስኩ ከሚጠቀሱት ቀደምት አስተሳሰቦች አንዱ አሜሪካዊው ኸርበርት ሃይንሪክ እ.ኤ.አ በ1931 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ነው። ሃይንሪክ አደጋን በተርታ ከቆሙ የዶሚኖ ጠጠሮች ጋር አመሳስሎታል። አንዱ ሲወድቅ ቀጣዩን ይዞ ይወድቃል፤ ከመካከል አንዱን ማንሳት ከተቻለ ግን ጉዳቱ ይቀራል ማለት ነው። ይኸው ጸሐፊ ከኢንዱስትሪ አደጋዎች 88 በመቶ የሚሆኑት የሚደርሱት በሠራተኞች ጥንቃቄ የጎደለው ድርጊት ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሶ ነበር።

ይህ አኃዝ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲጠቀስ ኖሯል። ይሁን እንጂ ድምዳሜው በአብዛኛው የተመሠረተው የመድን ድርጅቶችና የፋብሪካ ኃላፊዎች በሞሏቸው ቅጾች ላይ መሆኑ በኋላ ዘመን ተመራማሪዎች ዘንድ ትችት አስነስቷል። ቅጹን የሚሞላው የሠራተኛው አለቃ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከአለቃው ይልቅ በሠራተኛው ላይ ቢበዛ የሚያስገርም አይሆንም። ማን መረጃውን እንደሚሰበስብ ሳይታወቅ የመንስኤ ስታቲስቲክስ ብቻውን የፖሊሲ መነሻ ሊሆን እንደማይችል ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ግን ለምን የሚለውን ጥያቄ አምስት ጊዜ ደጋግሞ የመጠየቅ ዘዴ ነው። ዘዴው በጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ የዳበረ ሲሆን፣ ከዓሣ አጥንት ሥዕል ጋር የካይዘን ሥልጠና ዋነኛ መሣሪያ ሆኖ በበርካታ መሥሪያ ቤቶች ተሰጥቷል። እ.ኤ.አ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ ሥልጠናውን ያልሰማ የሥራ ክፍል ጥቂት ነው።

ዘዴው ቀላል፣ ወጪ የማይጠይቅና ፈጣን መሆኑ ጥንካሬው ነው። ድክመቱ ደግሞ በበረራ 302 ላይ ሲሞከር በግልጽ ይታያል። አውሮፕላኑ ለምን ወደቀ? አፍንጫው በተደጋጋሚ ወደ ታች ስለተገፋ ነው። ለምን ተገፋ? ኤምካስ የተባለው የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ያለ አብራሪዎቹ ትዕዛዝ ስለሠራ ነው። ለምን ሠራ? አውሮፕላኑ ከአየሩ ጋር የሚፈጥረውን ማዕዘን የሚለካው የግራ ሴንሰር የተሳሳተ መረጃ ስለላከ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ ላይ እንደተመለከተው የግራው ሴንሰር 74 ነጥብ 5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ ከ15 ነጥብ 3 ዲግሪ አላለፈም።

አራተኛው «ለምን» ላይ ግን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው መርማሪ «ሴንሰሩ ለምን ተበላሸ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሁለተኛው ደግሞ «አንድ ሴንሰር ብቻውን አውሮፕላንን ወደ ታች እንዲገፋ ለምን ተፈቀደለት?» ይላል። የመጀመሪያው ጥያቄ ወደ አንድ ዕቃ ብልሽት ሲያመራ፣ ሁለተኛው ወደ ዲዛይንና ወደ ፈቃድ አሰጣጥ ያመራል። ሁለቱም ትክክለኛ ጥያቄዎች ናቸው። የአምስቱ «ለምን» ዘዴ ግን አንዱን መስመር ብቻ ይዞ የሚሄድ በመሆኑ ሌላውን ሊያስረሳ ይችላል።

ጃፓናዊው ካኦሩ ኢሺካዋ ያስፋፋው የዓሣ አጥንት ሥዕል ይህን ጉድለት በከፊል ያሟላል። ሰው፣ መሣሪያ፣ አሠራር፣ ቁሳቁስ፣ አካባቢና አመራር በሚሉ ዘርፎች መንስኤዎችን ጎን ለጎን ማሰባሰብ ስለሚያስችል፣ ከተለያዩ የሥራ ክፍሎች የተውጣጣ ኮሚቴ በመጀመሪያ ስብሰባው ቢጠቀምበት ይጠቅማል። የተሰበሰቡት መንስኤዎች እርስ በርስ እንዴት እንደሚደጋገፉና የትኛው እንደሚመዝን ግን አያሳይም።

የብልሽት ዛፍና ግምት ላይ የቆመ ስሌት

እ.ኤ.አ በ1962 በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ለሚኒትማን ሚሳኤል ፕሮግራም የተቀረጸው የብልሽት ዛፍ ትንተና አካሄዱ ከእነዚህ የተለየ ነው። ሊደርስ የማይገባውን ክስተት ከላይ አስቀምጦ፣ ያንን ሊያስከትሉ የሚችሉ ብልሽቶችን ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ይዘረዝራል፤ የእያንዳንዳቸውንም የመድረስ ዕድል ያሰላል። አደጋ ከመድረሱ በፊት ለመተንተን የሚያገለግል በመሆኑ በኒውክሌርና በአቪዬሽን ዘርፎች ከፍተኛ ቦታ ይሰጠዋል።

የዚህ ዓይነቱ ስሌት አስተማማኝነት ግን ከተነሳበት ግምት አይበልጥም። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ እ.ኤ.አ በመስከረም ወር 2019 ባወጣው ሪፖርት እንዳመለከተው፣ በማክስ አውሮፕላን የደህንነት ግምገማ ወቅት ኤምካስ በስህተት ቢሠራ አብራሪዎች በሰከንዶች ውስጥ ተገንዝበው ያርሙታል ተብሎ ታስቦ ነበር። ሆኖም የሴንሰሩ ብልሽት ከኤምካስ በተጨማሪ ሌሎች በርካታ የማስጠንቀቂያ ድምፆችንና መልዕክቶችን በአንድ ጊዜ እንደሚያስነሳ፣ ይህም የአብራሪዎቹን ትኩረት እንደሚከፋፍል በግምገማው አልታየም። ዛፉ ተስሏል፤ ከቅርንጫፎቹ አንዱ ግን የሰው ልጅ በጭንቀት ጊዜ ከሚያደርገው ይልቅ በወረቀት ላይ ከሚጠበቅበት ተነስቶ የተሳለ ነበር።

ከላየን ኤር አደጋ በኋላም ተመሳሳይ ስሌት ተሠርቷል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2018 መጨረሻ ያካሄደው ትንተና፣ ሥርዓቱ ካልተስተካከለ በማክስ አውሮፕላኖች የአገልግሎት ዘመን 15 ያህል ተመሳሳይ አደጋዎች ሊደርሱ እንደሚችሉ ገምቶ ነበር። ሰነዱ ይፋ የሆነው በታኅሣሥ ወር 2019 በአሜሪካ ኮንግረስ በተካሄደ የምስክርነት ችሎት ነው። ይህ ቁጥር በእጅ እያለ፣ ለአብራሪዎች በተሰጠው መመሪያ በመተማመን፣ የሶፍትዌሩ ማሻሻያ እስኪደርስ ድረስ አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጥለዋል። በመካከሉ በረራ 302 ተከሰከሰ። ትንተና ትክክለኛ ቁጥር ቢሰጥም፣ ከዚያ ቁጥር በኋላ የሚወሰደው ውሳኔ የአመራር ኃላፊነት መሆኑን ይህ ያሳያል።

ቀዳዳዎቹ ሲገጣጠሙ

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄምስ ሪዝን እ.ኤ.አ በ1990 ካቀረበው ሐሳብ የተወለደው ሞዴል «የስዊስ አይብ» በመባል ይታወቃል። አይብ ሲባል የእኛን አገር አይብ ሳይሆን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለውን የአውሮፓውያኑን ማለት ነው። በእኛ አነጋገር የተደራረቡ ወንፊቶችን ማሰብ ይቀላል። እያንዳንዱ ወንፊት አንድ የመከላከያ አጥር ነው፤ ዲዛይን፣ ቁጥጥር፣ ጥገና፣ ሥልጠና፣ የአብራሪው ውሳኔ። የሁሉም ቀዳዳዎች በአንድ መስመር ሲገጣጠሙ አደጋው አልፎ ይወጣል። ሪዝን ቀዳዳዎቹን በሁለት ይከፍላቸዋል። በመጨረሻዋ ሰዓት የሚፈጸሙ ስህተቶች አሉ፤ በሌላ በኩል ደግሞ በቢሮ ውሳኔ ተፈጥረው ለዓመታት ተኝተው የሚቆዩ ድብቅ ጉድለቶች አሉ።

የኢንዶኔዥያ የምርመራ አካል እ.ኤ.አ በጥቅምት ወር 2019 ያወጣው የመጨረሻ ሪፖርት የዚህ አስተሳሰብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሪፖርቱ አንድ ጥፋተኛ ከመሰየም ይልቅ ዘጠኝ አስተዋጽኦ ያደረጉ ምክንያቶችን ዘርዝሯል። ከእነዚህ መካከል ሥርዓቱ በአንድ ሴንሰር ላይ መመሥረቱ፣ ስለ ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ላይ አለመገለጹ፣ ተተክቶ የነበረው ሴንሰር 21 ዲግሪ ያህል የተዛባ መሆኑና ይህም በጥገና ወቅት አለመታወቁ ይገኙበታል።

ከዘጠኙ ውስጥ ለመንግሥት የሥራ ኃላፊ ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ነጥብ አለ። አውሮፕላኑ ከመከስከሱ ከአንድ ቀን በፊት ከባሊ ደሴት ወደ ጃካርታ ሲበር ያንኑ ችግር አጋጥሞት ነበር። የዚያ በረራ ሠራተኞች የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን በማጥፋት አውሮፕላኑን በሰላም አሳርፈዋል። ይሁን እንጂ በአውሮፕላኑ የጥገና መዝገብ ላይ ያሰፈሩት ማስታወሻ የደረሰውን ሁሉ አልያዘም፤ ያልተቋረጠው የመሪ ንዝረት ማስጠንቀቂያና የወሰዱት እርምጃ አልተመዘገበም። የጥገና ባለሙያዎቹ የተጻፈላቸውን ችግር ብቻ አክመው አውሮፕላኑን ለማግሥቱ በረራ ለቀቁት።

አደጋ ያልሆነው ነገር ግን ለአደጋ የቀረበው ክስተት ሙሉ በሙሉ ተመዝግቦና ተተንትኖ ቢሆን 189 ሰዎችን ሊታደግ የሚችል ማስጠንቀቂያ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንደሚባለው፣ ያልተመዘገበ ክስተት የትኛውም የትንተና ዘዴ ቢመጣ ሊተነተን አይችልም።

ሥርዓቱን እንደ አንድ አካል ማየት

የስዊስ አይብ ሞዴልም ቢሆን ቀዳዳዎቹ ለምን እንደተፈጠሩ በበቂ አያብራራም የሚሉ ምሁራን አሉ። ዴንማርካዊው የንስ ራስሙሰን እ.ኤ.አ በ1997 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ከሕግ አውጪው አንስቶ ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት፣ ኩባንያውን፣ የሥራ ክፍሉንና ሠራተኛውን በአንድ ሰሌዳ ላይ በደረጃ አስቀምጦ የውሳኔዎችን ፍሰት የሚያሳይ አካሄድ አስተዋውቋል። የአሜሪካው ማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር ናንሲ ሌቨሰን በ2004 ያቀረቡት ስታምፕ የተባለው ሞዴል ደግሞ ደህንነትን የቁጥጥር ጉዳይ አድርጎ ያያል። በዚህ ሞዴል መሠረት አንድም ዕቃ ሳይበላሽ፣ እያንዳንዱ ክፍል የታዘዘውን እየሠራ እንኳ፣ በክፍሎቹ መካከል ያለው ቁጥጥርና መረጃ ከተጓደለ አደጋ ሊደርስ ይችላል።

ኤምካስ ለዚህ ማሳያ ነው። ሶፍትዌሩ አልተበላሸም፤ የተሰጠውን የተሳሳተ መረጃ ይዞ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የሥርዓቱ ኃይል በሙከራ ወቅት ከ0 ነጥብ 6 ወደ 2 ነጥብ 5 ዲግሪ ሲያድግ፣ ይህ ለውጥ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ሁሉ በአግባቡ አልደረሰም። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ሳይሆን የተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በመስከረም ወር 2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ተቆጣጣሪው በርካታ የፈቃድ ሥራዎችን ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች ማስተላለፉን፣ አምራቹም ለማክስ አብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠና እንዳያስፈልግ መፈለጉን ከዋና ዋና ጉድለቶች መካከል አስቀምጧል።

የትንተናው ደረጃ ከፍ ሲል የመፍትሔውም ደረጃ ከፍ ብሏል። አውሮፕላኑ የሁለቱን ሴንሰሮች መረጃ እንዲያነጻጽር፣ ኤምካስ ደጋግሞ እንዳይገፋና አብራሪው ሊያሸንፈው እንዲችል ተደርጓል፤ የሲሙሌተር ሥልጠናም ግዴታ ሆኗል። ከዚህም አልፎ አሜሪካ በታኅሣሥ ወር 2020 የአውሮፕላን ፈቃድ አሰጣጥ ሕጓን አሻሽላለች። ምርመራው በሴንሰሩ ወይም በአብራሪዎቹ ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ የሕግ ማሻሻያ ባልታሰበ ነበር።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

የኢትዮጵያ የአውሮፕላን አደጋ ምርመራ ቢሮ የመጨረሻ ሪፖርቱን ይፋ ያደረገው በታኅሣሥ ወር 2015 ዓ.ም ነው። ሪፖርቱ ኤምካስ ያለ ትዕዛዝ አፍንጫውን ወደ ታች መግፋቱን ዋነኛ መንስኤ ያደረገ ሲሆን፣ ለሴንሰሩ መዛባት አውሮፕላኑ ከተመረተበት ጊዜ ጀምሮ የነበሩ የኤሌክትሪክ ችግሮችን በምክንያትነት አቅርቧል።

የአሜሪካው ቦርድ የኤምካስን ድርሻ እንደሚቀበል ገልጾ፣ በሁለት ነጥቦች ግን ተለይቷል። ሴንሰሩ የተጎዳው ባዕድ ነገር፣ ምናልባትም ወፍ፣ መትቶት ነው ብሏል፤ በወቅቱ በነበረው መመሪያ መሠረት የበረራ ሠራተኞቹ ሁኔታውን ሊቆጣጠሩት ይችሉ እንደነበርም በመንስኤው ውስጥ ሊካተት ይገባል ሲል ተከራክሯል። የፈረንሳይ የምርመራ አካልም የበረራ ሠራተኞቹ ተግባር በበቂ አልተተነተነም የሚል አስተያየት ሰጥቷል።

በሌላ ወገን አብራሪዎቹ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውን እንዳጠፉና በእጅ ለማስተካከል ሞክረው እንዳልሠራላቸው የመጀመሪያ ደረጃ ሪፖርቱ አስፍሯል። ሦስቱም ወገኖች የተመለከቱት ከጥቁር ሣጥኖቹ የተገኘውን ያንኑ መረጃ ነው። አንዱ ልዩነት፣ የሴንሰሩ ጉዳይ፣ በማስረጃ የሚፈታ የቴክኒክ ክርክር ነው። ሁለተኛው ግን የዘዴ ልዩነት ነው። ለአንዱ ተንታኝ የአብራሪው ድርጊት ራሱን የቻለ መንስኤ ሲሆን፣ ለሌላው ከዲዛይኑና ከሥልጠናው የመነጨ ውጤት ነው። የተሟላ ትንተና ሁለቱንም መመዝገብ ይጠበቅበታል። የሰውን ድርጊት መተው ትምህርት ማጓደል ነው፤ በእሱ ላይ መቆምም ሌላውን ትምህርት ማጓደል ነው።

የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 13 የምርመራ ብቸኛ ዓላማ አደጋና ክስተትን መከላከል እንጂ ጥፋተኝነትን ወይም ተጠያቂነትን መወሰን እንዳልሆነ ይደነግጋል። ይህ ማለት ተጠያቂነት ይቀራል ማለት አይደለም፤ በሌላ መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ሁለቱ መንገዶች ሲቀላቀሉ ምስክሩ ይዘጋል፣ መዝገቡም ይሳሳል።

ለመሥሪያ ቤቶቻችን ምን ይጠቅማል?

በመንገድ ትራፊክ አደጋ ዜናዎች «ፍሬን በጥሶ» ወይም «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር» የሚሉ አገላለጾች የተለመዱ ናቸው። ለምሳሌ ያህል አንድ የጭነት ተሽከርካሪ ቁልቁለት ላይ ተገልብጦ ጉዳት አደረሰ እንበል። ሪፖርቱ በአሽከርካሪው ፍጥነት ላይ ከተዘጋ መፍትሔው ቅጣት ብቻ ይሆናል። ፍሬኑ መቼ ተመረመረ? የዓመታዊ ምርመራው ተለጣፊ የተሰጠው በእርግጥ ተፈትሾ ነው? ጭነቱ ከልክ በላይ ከሆነ በሚዛን ጣቢያ እንዴት አለፈ? ክፍያው በምልልስ ብዛት መሆኑ አሽከርካሪውን እንቅልፍ አላሳጣውም? በዚያው ቁልቁለት ላይ ከዚህ በፊት ስንት ተሽከርካሪ ተገልብጧል? የሚሉት ጥያቄዎች ሲጨመሩ ግን መንገዶች፣ ትራንስፖርት ቢሮ፣ የተሽከርካሪው ባለንብረትና ፖሊስ እያንዳንዳቸው የሚሠሩት ሥራ ይኖራቸዋል። ስዊድን እ.ኤ.አ በ1997 በፓርላማዋ ያጸደቀችው «ዜሮ ራዕይ» የተሰኘው ፖሊሲ መሠረቱ ይኸው ነው። የመንገዱን ሥርዓት የሚነድፉና የሚያስተዳድሩ አካላት ከተጠቃሚው ጋር ኃላፊነት ይጋራሉ።

ሁሉም ክስተት በከፍተኛው ዘዴ ይተንተን ማለት ግን አይደለም። ጊዜና ባለሙያ ውስን ናቸው። በአንድ የሥራ ክፍል ውስጥ ለሚደጋገሙ አነስተኛ ክስተቶች አምስቱ «ለምን» ከዓሣ አጥንቱ ጋር በቂ ነው። አዲስ መሣሪያ ወይም ተቋም ሥራ ከመጀመሩ በፊት የብልሽት ዛፍ ተመራጭ ሲሆን፣ የተነሳበት ግምት በጽሑፍ ሊሰፍርና ሊፈተሽ ይገባል። የሰው ሕይወት ለጠፋበትና በርካታ መሥሪያ ቤቶች ለሚነኩበት አደጋ ግን የመከላከያ አጥሮችን በሙሉና በመካከላቸው ያለውን የቁጥጥር ግንኙነት የሚያይ ዘዴ የግድ ይላል።

የትኛውም ዘዴ ቢመረጥ፣ ሪፖርቱን የሚያጸድቀው ኃላፊ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያጣራ ይበጃል። አንደኛ፣ ሪፖርቱ የሰውን ስህተት ከጠቀሰ ስህተቱን ያመቻቸው ሁኔታ ተገልጿል ወይ? ሁለተኛ፣ ከማሻሻያ ሐሳቦቹ ቢያንስ አንዱ የኃላፊውን የራሱን መሥሪያ ቤት ይመለከታል ወይ? ሦስተኛ፣ ከአደጋው በፊት ተመሳሳይ ክስተት ደርሶ የት እንደተመዘገበና ምን እንደተደረገ ተጣርቷል ወይ? ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ምርመራው ገና አላለቀም።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ብሂል ከአደጋ በኋላ ለሚጻፍ ሪፖርት ሁሉ የሚሠራ ይመስላል። ልዩነቱ ጅቡ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑ ነው። የጥቅምቱ አደጋ የመጋቢቱን ለማስቀረት የሚበቃ ምልክት ይዞ ነበር። በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ውስጥ «ጥንቃቄ ጉድለት» ተብለው የተዘጉ ፋይሎችም ተመሳሳይ ምልክት ይዘው ሊሆን ስለሚችል፣ የሥራ ኃላፊዎች እነዚህን ፋይሎች እንደገና ከፍተው ሊመለከቷቸው ይገባል።